ጆሮ ለሚበሳ አምፕ ምን ዓይነት ፒክአፕ ይሻላል?

ሰላም ወንድሜ። ሌላውም እንዲከተለን ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ስኩዋየር ስትራት ጊታር አለህ፣ ሶስቱም ፒክአፖቹ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት) ሲንግል ኮይል፣ ማለትም ባለ አንድ ጥቅልል ናቸው፣ አምፑ ደሞ ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ፌንደር የ65ቱ ዴሉክስ ሪቨርብ ሪኢሹ (የድሮው እንደገና የተሰራበት) ነው፣ በትራንስፎርመር ነው የምታሰራው። ሆቴልና ሰርግ ላይ ትጫወታለህ፣ ብሪጅ ፒክአፑ (ከክር ማሰሪያው አጠገብ ያለው) ላይ ስታደርገው ድምጹ ጆሮ ይበሳል፣ ቶን ኖቡን ብታዞረውም ለውጥ የለም፣ ሃምም (እምምም የሚለው ድምጽ) አለ፣ ድምጻዊቷም አንተ ጎን መቆም አልቻልኩም ብላለች። ጓደኛህ ሆት ሬይልስ የሚባለውን ጉልበተኛ ፒክአፕ አስገባበት አለህ፣ የአክስትህ ልጅ ደሞ ለገና ከአሜሪካ ስለሚመጣ የማዘዝ ዕድሌ አንዴ ነው፣ ምን ላስመጣ ነው ያልከው።

ሆት ሬይልሱን አታስመጣ። ፒክአፑ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ዲስቶርሽን ለሚጫወት ሰው አሪፍ ነው፣ ላንተ አምፕና ላንተ ሙዚቃ ግን አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ለመረዳት መጀመሪያ አምፑ ውስጥ ያለውን ማወቅ አለብህ፣ አምፑን ሳያውቁ ፒክአፕ መግዛት እንዲሁ ዕድል መሞከር ነው።

ዴሉክስ ሪቨርብ ሁለት ቻናል አለው፣ ኖርማልና ቫይብራቶ። ሰው ሁሉ የሚሰካው ቫይብራቶው ላይ ነው ምክንያቱም ሪቨርቡ ያለው እዛ ነው። እዛ ቻናል ቮልዩም ፖት (ኖቡ ስር ያለው ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ላይ ደሞ 47 ፒኮፋራድ የሆነች ሚጢጢ ካፓሲተር ተበይዳለች። ትዊን ሪቨርብ ላይ ይሄው ነገር ብራይት የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ ሲያስጠላህ ታጠፋዋለህ፣ ዴሉክሱ ላይ ግን ማጥፊያ የለውም፣ ሁሌ እንደበራ ነው። ስራዋ ምንድነው፣ ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ወፍራሙ ድምጽ በፖቱ እየተቀነሰ ቀጭኑ ግን በሷ በኩል አቋርጦ እንዲያልፍ ማድረግ። ቮልዩምህ 2 ወይ 3 ላይ ሲሆን ከ3 ኪሎ ኸርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ድምጽ ሁሉ ከሌላው በልጦ ይወጣል፣ ቮልዩሙን እየጨመርክ ስትሄድ ልዩነቱ እየጠበበ ይመጣና 7፣ 8 አካባቢ ካፓሲተሯ ትኑር አትኑር አይታወቅም። እንግዲህ ሆቴል ውስጥ በ8 የሚጫወት የለም፣ ሁላችንም 3 ላይ ነው የምንጫወተው፣ ማለትም ካፓሲተሯ ስራ የሚበዛባት ቦታ ላይ።

አሁን የጓደኛህን ምክር እዚህ ውስጥ አስገባና እየው። ሆት ፒክአፕ ማለት ለአምፑ ብዙ ቮልቴጅ የሚልክ ነው፣ አምፑ ቶሎ ይጮሃል፣ አስተናጋጁ መጥቶ ቀንሱ ይላል፣ አንተ ከ4 ወደ 2 ትመልሰዋለህ፣ በመለስከው ቁጥር ደሞ ያቺ ካፓሲተር ይብስባታል። በርግጥ ሆት ሬይልሱ ራሱ ትሬብሉ ያነሰ ስለሆነ መብሳቱ ይቀንስልሃል፣ እሱን አልክድም፣ ግን የሚመጣው ድምጽ ከስር የታፈነ ከላይ ደሞ የአምፑ ሽሽሽታ ጎልቶ የሚሰማበት ነው። በዛ ላይ አምፑ 22 ዋት ብቻ ነው፣ ከባድ ፒክአፕ ስትሰካበት ጥርት ብሎ መጫወት የምትችልበት ቦታ ይጠብና ቶሎ መቆራረስ ይጀምራል። ላንተ የሚሻለው ተቃራኒው ነው፣ ጉልበቱ መካከለኛ ወይ ዝቅ ያለ ፒክአፕ፣ ቮልዩሙን ወደ ላይ ለመግፋት ዕድል የሚሰጥህ።

ግን ጉልበቱ ዝቅ ያለ ሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። ፒክአፕ ማለት ማግኔት ዙሪያ በሺዎች ዙር የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፣ ጥቅልሉ ኢንዳክታንስ አለው፣ ወደ አምፑ የሚሄደው ኬብል ደሞ ካፓሲታንስ አለው፣ ሁለቱ ሲገናኙ አንድ ቦታ ላይ ድምጹን የሚያነሳ ጉብታ ይፈጠራል፣ ከጉብታው በላይ ያለው ድምጽ ደሞ ቶሎ ይወድቃል። ሰው ይሄኛው ብራይት ነው ያኛው ወፍራም ነው ምናምን የሚለው ባብዛኛው ጉብታው የት ጋ እንደሆነና ምን ያህል ሹል እንደሆነ ነው።

በቁጥር ካየነው ይበልጥ ይገባሃል። የተለመደ የስትራት ፒክአፕ 2.4 ሄንሪ አካባቢ ነው። ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ብለን እንያዝ፣ 6 ሜትር ኬብል 600 መሆኑ ነው፣ የጥቅልሉን የራሱን 100 ጨምርበት፣ ጉብታው 3.9 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። በዛው ኬብል የድሮውን የጊብሰን ሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅልል ፒክአፕ) ዓይነት፣ 4.5 ሄንሪ የሚሆነውን ብትሰካ ጉብታው ወደ 2.8 ይወርዳል፣ 8 ሄንሪና ከዛ በላይ የሚሆኑት ሆቶቹ ደሞ 2.1 እና ከዛ በታች ናቸው። አሁን የአምፑን ካፓሲተር አስታውስ፣ ከ3 ኪሎ ኸርዝ ከፍ ብላ ነው የምትጀምረው፣ የስትራትህ ጉብታ 3.9 ላይ ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጫነ፣ በበርበሬ ላይ ሚጥሚጣ መነስነስ በለው። የሰው ጆሮ ደሞ ከሁሉም አጥርቶ የሚሰማው ከ2 እስከ 5 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ነው። ድምጻዊቷ እውነቷን ነው።

አንተ ምን ኬብል እንደምትጠቀም አልነገርከኝም። 3 ሜትር ከሆነ ጉብታው ወደ 5.1 ነው የሚወጣው፣ ይሄን ያክል ለውጥ የሚያመጣ ነገር በብዙ ብር የሚገዙ ፒክአፖች መሃል እንኳን ሁሌ አታገኝም። ስለዚ ከምንም በፊት ከጓደኛህ 6 ሜትር ኬብል ተውሰህ ስማው፣ ያለ ምንም ፔዳል ቀጥታ አምፑ ላይ፣ ምክንያቱም መሃል ላይ በፈር (ሲግናሉን የሚያጠናክር ሰርኪት) ያለው ፔዳል ካለ ከሱ በኋላ ያለው ኬብል ፒክአፑ ላይ ለውጥ አያመጣም።

ሌላው ነገር ሰዎች ፒክአፕ ሲመርጡ የሚያዩት የኪሎ ኦም ቁጥር ነው፣ 6 ኪሎ ብራይት፣ 16 ኪሎ ወፍራም ብለው። ቁጥሩ የሽቦውን ሬዚስታንስ ነው የሚነግርህ። ያው ዙር በቀጭን ሽቦ ሲጠቀለል፣ በ42 ቁጥር ፋንታ በ43 በለው፣ ሬዚስታንሱ ይጨምራል ድምጹ ግን ያን ያህል አይለወጥም። አንድ ዓይነት ሽቦና አንድ ዓይነት ማግኔት ያላቸውን ለማወዳደር ይጠቅማል፣ ከዛ ውጪ አታምነው፣ ሻጩ ኢንዳክታንሱን በሄንሪ ከጻፈ ግን እሱን እየው።

አሁን ስለ ሙዚቃው፣ ምክንያቱም "አለስልሰው" ማለት ቀላል ነው ግን ብዙ ካለሰለስከው ትጠፋለህ። እኛ ሀገር ባንድ ውስጥ ኪቦርዱ መሃሉን ሙሉ በሙሉ ነው የሚይዘው፣ ስትሪንጉን ብራሱን አኮርዲዮኑን ሁሉ አንድ ሰው ይጫወተዋል፣ ሳክስ ካለ ደሞ ድምጻዊቷ ካለችበት ሰፈር አይርቅም። ለጊታር የሚተርፈው ቦታ ከሱ ከፍ ያለው ጠባብ መስኮት ነው። ትዝታ ላይ አንድ ኖታ ይዘህ ስታንሸራትት፣ ቺክቺካ ላይ ደሞ ክሩን በመዳፍህ እያፈንክ ቶሎ ቶሎ ስትመታ መሰማት ያለበት የክሩ አነሳስ ነው፣ ጠቅ የምትለዋ። ሰላም ስዩም ከሮሃ ባንድ ጋር የተጫወታቸውን ስማ፣ ጊታሩ ቀጠን ብሎ ጥርት ያለ ነው፣ ግን አይበሳም። ስለዚ ጉብታውን ከ3.9 ወደ 3 አካባቢ ማውረድ ወይ እዛው ሆኖ ሹልነቱን መቀነስ ነው የምንፈልገው፣ 2 ላይ ከወረደ ግን ኪቦርዱ ስር ተቀበርክ።

ፒክአፑን ለጊዜው ተወውና ዛሬ ማታ ያለ ምንም ወጪ የምትሞክረው ነገር አለ። ቫይብራቶው ቻናል ላይ ሁለት ኢንፑት አለ አይደል፣ 1 እና 2። 2ኛው ላይ ሰካው። ሰው 2 ቁጥር ለሁለተኛ ጊታር ነው የሚመስለው፣ አይደለም፣ እሱ ላይ ብቻ ስትሰካ ሲግናሉ በግማሽ ይቀንሳል፣ ማለትም 6 ዲቢ፣ በዛ ላይ 1ኛው ኢንፑት ለጊታርህ 1 ሜጋ ኦም ሲያሳየው 2ኛው 136 ኪሎ ኦም ብቻ ነው የሚያሳየው። ሬዚስታንሱ ሲቀንስ የፒክአፑ ጉብታ ይደፈጠጣል፣ ሲግናሉ ስለቀነሰ ደሞ ያንኑ ጩኸት ለማግኘት ቮልዩሙን ከ3 ወደ 5 ምናምን ታወጣለህ፣ እሱን ስታወጣ ካፓሲተሯ ትዳከማለች። ባንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ፣ ያውም በነጻ። ይሄን ያልኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ፒክአፕ መግዛቱን ትተውታል።

ቀጥሎ ኖርማል ቻናሉ ላይ ሰካና እዛው ቮልዩም ላይ አወዳድር። እዛ ካፓሲተሯ የለችም፣ ሪቨርብም የለም። ችግሩ እዛ ከጠፋ ጥፋተኛው ጊታሩ ሳይሆን ያቺ 47 ፒኮፋራድ ናት ማለት ነው፣ ወይ ሪቨርብ ፔዳል ፈልገህ ኖርማሉ ላይ ትጫወታለህ ወይ አምፕ የሚያውቅ ቴክኒሻን አንድ እግሯን ይነቅልልሃል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሲፈለግም ትመለሳለች። ራስህ እንዳትነካው ግን። እዛ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ነው ያለው፣ ከሶኬት ከነቀልከው በኋላም ትላልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ይቆያል፣ ሬዲዮ መጠገን መቻል ይሄን መክፈት መቻል ማለት አይደለም።

ትሬብልና ቤዙንም እየው። ዴሉክሱ ሚድል የሚባል ኖብ የለውም፣ ውስጡ በአንድ ሬዚስተር ተወስኖ ነው ያለው፣ ስለዚ መሃለኛውን ድምጽ የምትጨምረው ሁለቱን በመቀነስ ነው። ትሬብል 3፣ ቤዝ 3፣ ቮልዩሙን ትንሽ ከፍ። ብዙ ሰው ከልማድ ትሬብሉን 6 ላይ ትቶ ስለ ፒክአፕ ያማርራል።

ስፒከሩ የት እንደሚያይም አስብበት። 12 ኢንች ስፒከር ቀጭኑን ድምጽ እንደ ባትሪ መብራት ወደፊት ቀጥ አድርጎ ነው የሚልከው፣ አንተ አምፑ እግርህ ስር ስላለ ጉልበትህ ላይ ነው የሚያርፈው፣ አይበቃኝም ብለህ ትሬብል ትጨምራለህ፣ አራት ሜትር ርቃ መስመሩ ላይ የቆመችው ድምጻዊት ደሞ ሙሉውን ትጠጣዋለች። አምፑን ወንበር ላይ አውጣውና ወደ ራስህ ጆሮ አዙረው፣ እሷ የምትሰማውን ስትሰማ ኖቡን በራስህ እጅ ትቀንሰዋለህ። ማይክ የሚያስቀምጥልህ ሳውንድ ማን ካለ ደሞ ከስፒከሩ መሃል ወደ ዳር አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር እንዲያወጣው ንገረው፣ ልዩነቱን አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

እሺ ይሄን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከበሳ ጊታሩን እንክፈተው። ካቻቪቴ ያዝ፣ ክሮቹን አላላ፣ ፒክጋርዱን (ፒክአፖቹ የተያዙበትን የፊት ፕላስቲክ) የያዙትን ብሎኖች ፍታና ገልብጠው። ፒክአፖቹን ከስር እያቸው፣ አንድ ወይ ሁለት ጥቁር አግድም ማግኔት ተለጥፎ ካየህ ሴራሚክ ናቸው፣ ከላይ የሚታዩት ስድስት ክቦች ማግኔት አይደሉም፣ ተራ ብረት ናቸው። ከስር ምንም ካልተለጠፈ ክቦቹ ራሳቸው ማግኔት ናቸው፣ አልኒኮ የሚባለው ዓይነት።

ይሄን ማወቅህ የሚጠቅምህ ለምን መሰለህ፣ ሰው ርካሽ ፒክአፕ አውጥቶ የ50ዎቹና የ60ዎቹ ስትራት ቅጂ የሆነ አልኒኮ 5 ያስገባና ችግሩ ይብስበታል። ብረት ክብ ያላቸው ኢንዳክታንሳቸው ከፍ ይላል፣ ብረቱ ራሱም ጉብታውን ትንሽ ይደፈጥጠዋል፣ ጥሩዎቹ የድሮ ዓይነት አልኒኮ 5 ግን ጉብታቸው ከፍ ያለ ቦታ ላይና ሹል ነው። ድምጻቸው ያምራል፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ግን ላንተ አምፕ አይደሉም። "ቪንቴጅ" የሚል ቃል አይተህ ይለሰልሳል ብለህ እንዳታስብ፣ የ1954ቱ ስትራት ራሱ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ተብሎ የተሰራ ጊታር ነው።

እንደተከፈተ ሳለ ፖቶቹን እይ፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር አለ፣ 250ኬ ወይ 500ኬ። ለሲንግል ኮይል የተለመደው 250 ነው፣ 500 ካገኘህ እሱ ብቻውን ግማሹን ችግር ያብራራልሃል፣ በ250 ቀይረው። ከቮልዩሙ ፖት ሁለት እግር ላይ ትንሽ ካፓሲተር ተበይዳ ካየሃት ደሞ እሷ የአምፑ ካፓሲተር ታናሽ እህት ናት፣ የጊታሩን ቮልዩም ስትቀንስ ትሬብሉን የምታቆይ፣ ንቀላት።

ከዛ የብሪጅ ፒክአፑ ቶን። ስትራት በድሮው አሰራር ሁለት ቶን አለው፣ አንዱ ለኔክ (በአንገቱ በኩል ላለው ፒክአፕ) አንዱ ለመሃሉ፣ ከሁሉም የሚበሳው ብሪጁ ግን ምንም የለውም፣ ኖቡን ብታዞረው ብታዞረው ለውጥ የለም ያልከው ለዚ ነው፣ ተበላሽቶ አይደለም። ካውያ ያለው ሰው ሲውቹ ላይ አንዲት አጭር ሽቦ ከመሃሉ ቶን ወደ ብሪጁ እግር ቢበይድልህ ሁለተኛው ቶን ብሪጁንም ይቆጣጠራል። ቶኑን 10 ላይ ብትተወው እንኳን ፖቱ ስለተጨመረበት ብቻ ጉብታው ትንሽ ይወርዳል፣ 7 ላይ ስታደርገው ደሞ ብሪጁ ሌላ ፒክአፕ ይመስላል። እኔ ስትራት ሲመጣልኝ ባለቤቱ ባይጠይቅም ይሄን አድርጌ ብመልስለት ደስ ይለኛል፣ ሳይፈቅድልኝ ግን አልነካም።

እዛው ሳለህ ደሞ አንድ ሙከራ አለ፣ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው ምክንያቱም ፒክአፕ ሳትገዛ ሌላ ፒክአፕ ምን እንደሚመስል ያሰማሃል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ጋ ሂድና ከተጣለ ቦርድ ላይ 471 የሚል የተጻፈባት ትንሽ ሴራሚክ ካፓሲተር ስጠኝ በለው፣ 470 ፒኮፋራድ ማለት ነው። 221 (220) እና 102 (1000) ካለውም ጨምርበት። አንዱን እግር የጊታሩ ጃክ ሲግናል ላይ ሌላውን ግራውንድ ላይ ለጊዜው ያዘው። በ221 ጉብታህ ከ3.9 ወደ 3.4 ይወርዳል፣ በ471 ወደ 3.0፣ በ102 ወደ 2.5። ክሩ የሚያወጣው ጠቅታ እንዳለ ሆኖ መብሳቱ የሚጠፋበትን ፈልግ። አብዛኛው ሰው 471 ላይ ነው የሚቆመው፣ አንዳንዱ እሷኑ በይዶ ይተዋትና ነገሩ እዛው ያልቃል። ባትበይዳት እንኳን የሚገዛው ፒክአፕ ምን ዓይነት እንደሆነ አሁን አወቅክ ማለት ነው፣ 221 ከበቃህ ያው ስትራት ሆኖ ለስለስ ያለ ነው የምትፈልገው፣ 102 ከሆነ የወደድከው ግን ሀምበከር ነው የሚያምርህ።

ከመግዛትህ በፊት የመጨረሻው ነገር ከፍታው ነው። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነህ ከክሩ ስር እስከ ፒክአፑ ክብ ድረስ ለካው። ለስትራት ዓይነት የሚመከረው በወፍራሙ ክር በኩል 2.4 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 2 ነው። አንተ በቀጭኑ በኩል 3 ድረስ አውርደው፣ አትፍራ። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ቮልዩሙን ታወጣለህ፣ ካፓሲተሯ ትዳከማለች፣ ታሪኩ ያው ነው።

አሁን ወደ ግዢው። 221 በቂ ሆኖልህ ግን ጊታሩ ባጠቃላይ ደስ የሚል ድምጽ እንዲኖረው ከፈለግክ አልኒኮ 2 የሆነ የስትራት ፒክአፕ ሶስቱንም ባንድ ላይ አስመጣ፣ ሲይመር ደንከን አልኒኮ 2 ፕሮ የሚለው በቀላሉ ስለሚገኝ እሱን መጥቀስ እችላለሁ፣ ሌሎች ሰሪዎችም ያው ዓይነት አላቸው። አልኒኮ 2 ከ5 የደከመ ማግኔት ነው፣ ክሩን ስትመታው የመጀመሪያዋ ምት ያን ያህል አትደነግጥም፣ ጉልበቱም ዝቅ ያለ ነው፣ ማግኔቱ ክሩን ብዙ ስለማይስበው ኖታው ረዘም ይላል። ለትዝታ ይሄ ነው ብዬ በድፍረት እላለሁ። ለሮክ ሰው ግን ሰነፍ ሊመስለው ይችላል።

471 ከሆነ የመረጥከው፣ ኔክና መሃሉን ሳትነካ ብሪጁን ብቻ ቀይር፣ ከኔኩ በመጠኑ በርከት ያለ ዙር ያለው፣ 7 ወይ 8 ኪሎ ኦም አካባቢ (ያው ቁጥሩን አትመን ብያለሁ፣ እዚህ ጋ ግን ያው ዓይነት ሽቦ ስለሆነ ይሰራል)። ከስሩ የምትለጠፍ የብረት ሳህን አብረህ ብታስመጣ ጥሩ ነው፣ ቴሌካስተር ብሪጅ ስር ያለችው ዓይነት፣ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ኢንዳክታንሱን ከፍ ታደርግና ወፈር ታደርገዋለች። 12፣ 13 ኪሎ የሚሉትን ሆት ሲንግሎች ግን ተዋቸው፣ ከላይ ያልኩት ነገር ነው የሚደርስብህ።

102ን የወደድክ ከሆነ በሲንግል ኮይል ልክ የተሰሩ ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው ሀምበከሮች አሉ፣ ፒክጋርድ ሳትቆርጥ ይገባሉ። ትልቁን ሀምበከር ማስገባት ከፈለግክ መጀመሪያ እንጨቱ ከስር የተቦረቦረ መሆኑን አሁን ስትከፍተው እይ፣ ብዙ ስኩዋየሮች ላይ ተቦርቡሮ ነው የሚመጣው፣ ፒክጋርዱ ግን መቀየር አለበት። ያኔም ቢሆን ፖቱን 250 ላይ ተወው፣ መጽሐፉ 500 ቢልም ላንተ አምፕ 250 ይሻላል።

ስለ ሃሙ ደሞ። አምፑን የምታሰራበት ትራንስፎርመር ራሱ ዙሪያውን ማግኔት ይረጫል፣ ሲንግል ኮይል ደሞ ያን ከመልቀም አይመለስም፣ ትራንስፎርመሩን ካንተ ሁለት ሜትር አርቀው፣ ጊታሩን ይዘህ ብትዞር ሃሙ የሚጠፋበትን አቅጣጫ ራስህ ታገኘዋለህ። የአዳራሽ ፍሉረሰንትና ዲመር (መብራት ማደብዘዣ) ግን በየት ብትዞር ይከተልሃል። እሱ በጣም ካስቸገረህ ሁለት ጥቅልል የተደራረበባቸውን ኖይዝለስ የሚባሉትን ማየት ትችላለህ፣ ጉብታቸው ከሰሪ ሰሪ በጣም ስለሚለያይ ግን የኢንዳክታንስ ቁጥሩ ያልተጻፈበትን አትግዛ፣ አንዳንዱ ከተራው ስትራት ይብሳል።

አንዱን ብቻ የምትቀይር ከሆነ የሲግናሉን አቅጣጫ (ፌዝ የሚሉትን) ጠንቀቅ በል። የመሃሉና የብሪጁ ፒክአፕ አቅጣጫቸው ካልገጠመ ሁለቱን አብረህ ስትከፍት ድምጹ ቀጥኖ ስልክ ውስጥ የሚሰማ ዓይነት ይሆናል። አዲሱ ሲመጣ ሁለቱን ገመዶቹን መገልበጥ ብቻ ነው መፍትሄው፣ የብረት ሳህን ከተለጠፈበት ግን መጀመሪያ ሳህኑ ከሽቦው ጋር የተገናኘበትን ለይተህ ለብቻው ግራውንድ ማድረግ አለብህ፣ ያለዚያ ሃም ይገባል። ማግኔቱንም ቢሆን ከመሃሉ ጋር አፍ ለአፍ አስጠግተህ እይ፣ ከተሳሳቡ ሁለቱ ሲከፈቱ ሃሙን ሊያጠፉት ይችላሉ፣ ከተገፋፉ ግን አያጠፉም፣ ይሄን ከሻጩ መጠየቅ ይቻላል።

ለአክስትህ ልጅ ዝርዝሩን ከመላክህ በፊት ሁለት ነገር ጻፍልኝ፣ አንድ ከስር ማግኔት ተለጥፏል ወይስ አልተለጠፈም፣ ሁለት ኢንፑት 2 ላይ ሰክተህ ቮልዩሙ ስንት ላይ ደረሰ። ሴራሚክ ከሆነና ኢንፑት 2 ላይ 5ን ካለፍክ እኔ ባንተ ቦታ ሁለት 250ኬ ፖትና ጥሩ 6 ሜትር ኬብል ብቻ ነው የማስመጣው፣ የቀረውን ብር ለክር።